ሜጀር ምረጡ ሲባል ምን ያህል እንዘርዝር? ለአሜሪካ ኮሌጅ ለምታመለክቱ



12ኛ ክፍል ያላችሁ ወይም ብሔራዊ ፈተናውን ጨርሳችሁ ለአሜሪካ ኮሌጆች እያመለከታችሁ ያላችሁ፣ ይህቺ ጽሑፍ ለእናንተ ናት። ረዘም ትላለች፤ ሴቭ አድርጓትና ቀስ ብላችሁ አንብቧት።

በኢንቦክስ ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ አለ። አጠያየቁ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦

«ኮመን አፕ ላይ ሜጀር ምረጥ ይላል። ኮምፒውተር ሳይንስ ብል ውድድሩ ይበዛብኛል? አልወሰንኩም ብል ዓላማ የሌለው ልጅ ነው ብለው ይጥሉኛል? ወይስ ማንም የማይመርጠውን መርጬ ልግባና እዚያ ስደርስ ልቀይር?»

ጥያቄው የአንዲት ሳጥን ጉዳይ ይመስላል። ግን ከዚህ ሆኖ የሚያመልክት ልጅ ብዙ ጊዜ ያለው ዕድል አንድ ዙር ነው። የማመልከቻ ክፍያ እንዲቀርለት ይለምናል፣ ለፈተና ብር ይለቃቅማል፣ ኔትወርክ ሲመጣ ጠብቆ ሌሊት ኤሴይ ይጽፋል። ተቀባይነት አግኝቶ ስኮላርሺፕ ካልመጣ ደግሞ ደብዳቤው ፍሬም ውስጥ ከመግባት አያልፍም። ስለዚህ ሳጥኗን በወሬ መሙላት አያዋጣም።

አጭሩ መልሳችን ይኸው፦ መጀመሪያ ኮሌጁ በሜጀር የሚቀበል መሆን አለመሆኑን አጣሩ። ከዚያ የትምህርት መስኩን ሰፋ፣ ጥያቄያችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ጻፉ። ምን ማለት እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

📌 ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ከዚሁ ከአገራችን ነው የመጣው። እኛ አገር የምትሞላው ቅጽ ሕይወትን ትወስናለች። 11ኛ ክፍል ላይ ናቹራል ወይ ሶሻል ትባላላችሁ። ሶሻል የገባ ልጅ ሐኪም እሆናለሁ ቢል ማንም አይሰማውም። ዩኒቨርሲቲ ምርጫችሁን ሞልታችሁ ምደባ ትጠብቃላችሁ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የፍሬሽማን ትምህርት ስለተመለሰ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቢሆንም በውጤትና በቦታ ብዛት ነው። የፈለጋችሁት ሳይደርሳችሁ ሲቀር የደረሳችሁን ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ። አንዴ ከተመደባችሁ በኋላ ዲፓርትመንት መቀየር ምን ያህል ቢሮ እንደሚያዞር የሞከረው ያውቀዋል።

እንዲህ ያደገ ልጅ ኮመን አፕ ላይ «ሜጀር» የሚል ቃል ሲያይ ልቡ ቢመታ አይገርምም። ሜጀር ማለት እኛ ዲፓርትመንት የምንለው ነው። ልዩነቱ ግን አሜሪካ ውስጥ በብዙ ኮሌጆች ማመልከቻው ላይ የምትጽፉት ሜጀር ውል አይደለም። «አሁን ላይ ምን ይስብሃል?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ተማሪው ሜጀሩን በይፋ የሚያሳውቀው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። እስከዚያ ከፊዚክስም፣ ከታሪክም፣ ከሙዚቃም ኮርስ እየወሰደ ይሞክራል።

ግን «ብዙ ኮሌጆች» አልን እንጂ «ሁሉም» አላልንም። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

📌 በሩ ሦስት ዓይነት ነው

ኮመን አፕን ከ1,000 በላይ ኮሌጆች ይጠቀሙበታል። አንድ ልጅ በዚያ በኩል እስከ 20 ለሚደርሱ ማመልከት ይችላል። ቅጹ አንድ ስለሆነ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም።

1. ግቢውን የምትገቡባቸው

እነዚህ አንድ ትልቅ የግቢ በር እንዳለው ቤት ናቸው። በሩን ካለፋችሁ ውስጥ ያሉት ክፍሎች ክፍት ናቸው። ሃርቫርድ እንዲህ ነው፤ ተማሪው መስኩን የሚያሳውቀው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ዬል በሜጀር አይቀበልም፤ ማመልከቻው ላይ እስከ ሦስት የሚደርሱ የሚስቧችሁን መስኮች እንድትጠቁሙ ብቻ ይጠይቃል። ኤም አይ ቲ የራሱ ማመልከቻ አለው፤ እዚያ የሚገባ ተማሪ በሙሉ አንደኛ ዓመትን የሚጀምረው ሜጀር ሳይኖረው ነው። አምኸርስትና ቦውዲንን የመሳሰሉ ትንንሽ ኮሌጆችም በዚሁ ወገን ናቸው።

2. ክፍሉን የምትገቡባቸው

እዚህ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቁልፍ አለው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኧርባና ሻምፔይን ስታመለክቱ ሜጀር መርጣችሁ ነው፤ ሁለተኛ ምርጫም መስጠት ትችላላችሁ። ኮምፒውተር ሳይንስን ሳይመርጥ ገብቶ በኋላ ልቀይር የሚል ልጅ መንገዱ እጅግ ጠባብ ይሆንበታል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሲያትልም ኮምፒውተር ሳይንስን በተመለከተ እንዲሁ ነው። በርክሌይ በፈረንጆቹ 2023 መኸር ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚፈልግ ሰው ሲያመለክት እንዲመርጥ አድርጓል። ካርኔጊ ሜለን ውስጥም ከሌላ ፋኩልቲ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ መዛወር በጣም የተገደበ ነው።

3. መሃል ላይ ያሉ

እነዚህ ትክክለኛውን ሜጀር ሳይሆን በውስጣቸው ካሉት ኮሌጆች አንዱን ምረጡ ይላሉ። ኮርኔል ስታመለክቱ ኢንጂነሪንግ ነው፣ አርትስና ሳይንስ ነው፣ ግብርና ነው ብላችሁ ለይታችሁ ነው። የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ 4 የቅድመ ምረቃ ትምህርት ቤቶች አሉት፤ ዋርተን የሚባለው የቢዝነሱ አንዱ ነው። ፕሪንስተን የአርትስ ዲግሪ ነው ወይስ የኢንጂነሪንግ ብሎ ይጠይቃል፤ አልወሰንኩም ማለትም ይቻላል።

እንግዲህ «ሜጀር ላይ ምን ልጻፍ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የማይኖረው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት በር ሜጀሩ የእናንተ መግለጫ ነው። በሁለተኛው ዓይነት በር ግን ከማን ጋር እንደምትወዳደሩ የሚወስነው እሱ ነው። ያንን ሳያዩ «እዚያ ስደርስ እቀይራለሁ» ማለት የሌላ ሰው ቤት ቁልፍ ይዞ እንደመሄድ ነው።

(ለእንግሊዝ የምታመልክቱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሌላ ነው። በዩካስ በኩል የሚመረጡት እስከ 5 ኮርሶች ሲሆኑ ከመጀመሪያው የምትገቡት ለዚያ ትምህርት ነው። የአሜሪካውን ኤሴይ ኮፒ አድርጋችሁ እንዳትልኩ።)

📌 ፉል ስኮላርሺፕ ለምትፈልጉ

አብዛኞቻችሁ እዚህ ናችሁ፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ለውጭ ተማሪም ቢሆን «ይህ ልጅ የመክፈል አቅም አለው ወይ?» የሚለውን ለመቀበልና ለመጣል መስፈርት የማያደርጉ፣ የተቀበሉትንም ልጅ የሚያስፈልገውን ገንዘብ በሙሉ የሚሸፍኑ ጥቂት ኮሌጆች አሉ። ከነሱ ውስጥ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝ፣ ቦውዲንና ብራውን ይገኛሉ። ሌሎች ብዙ የግል ኮሌጆችም የገንዘብ አቅምን ቢያዩም ለተቀበሉት ልጅ ጥሩ ድጋፍ ይሰጣሉ።

አሁን ይህን ዝርዝር ከላይ ካሉት በሮች ጋር አስተያዩት። የተጠቀሱት በሙሉ ማለት ይቻላል የመጀመሪያው ዓይነት በር ናቸው፤ ፕሪንስተን ብቻ ዲግሪውን ይጠይቃል። በሜጀር የሚቀበሉት ትልልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በብዛት ለውጭ ተማሪ የሚሰጡት የገንዘብ ድጋፍ ትንሽ ነው ወይም ጭራሽ የለም።

ምን ማለት ነው? ሙሉ ድጋፍ ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተማሪ፣ እንቅልፍ የሚያሳጣው «የትኛውን ሜጀር ብመርጥ ያሳልፈኛል?» የሚለው ሒሳብ፣ እውነተኛ ዕድል ባለባቸው ብዙዎቹ ኮሌጆች ያን ያህል አይሠራም። እዚያ የሚሠራው በመስኩ ላይ ምን እንደጻፋችሁ ነው።

📌 ታዲያ ምን ያህል እንዘርዝር?

ልዩነቱን ለማየት የፈጠርናቸው ምሳሌዎች እነሆ። (የምትጽፉት በእንግሊዝኛ እንደሆነ ይታወቃል። እኛ በአማርኛ ያደረግነው ሐሳቡ ጎልቶ እንዲታይ ነው። ደግሞ ኮፒ አታድርጓቸው፤ ሌላውም ያነበበው ነውና።)

በጣም የሰፋ፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ በጣም እወዳለሁ። ተምሬ አገሬንና ወገኔን መርዳት እፈልጋለሁ።»

ውሸት አይደለም። ችግሩ ስሙን አጥፍታችሁ የማንም ልጅ ስም ብትጽፉበት ይሆናል። አንባቢው አንብቦ ሲጨርስ ስለናንተ ያወቀው ነገር የለም።

በጣም የጠበበ፦

«ሁለተኛ ዓመት ላይ እገሌ የሚባሉት ፕሮፌሰር ላብራቶሪ እገባለሁ። በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ላይ አጠናለሁ። በ26 ዓመቴ ዶክትሬቴን እይዛለሁ።»

ይህ ደግሞ የተጠና ይመስላል። የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ተቆልፎ የከረመ ልጅ ስለዚያ ፕሮቲን ከየት ሰማ? ከድረ ገጽ ለቅሞ እንደጻፈው ያስታውቃል። ሌላው ችግር፣ ፕሮፌሰሩ ጡረታ ቢወጡ ወይም ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢሄዱ ዕቅዱ በሙሉ አብሮ ይሄዳል።

ልክ የሆነ፦

«ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን ጀሪካን እንሞላለን። ከታች ያለው ቤት ሞልቶ ሲፈስ፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ጠብታ አያገኝም። ለምን እንደሆነ ፊዚክስ አስተማሪዬን ስጠይቅ ስለ ግፊት አስረዳኝ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩን ቤቶች ከፍታ በወረቀት ሥዬ፣ ማን ስንት ሰዓት ውሃ እንደሚያገኝ ለሁለት ወር መዘገብኩ። አሁን የሚያሳስበኝ፣ ያለውን ትንሽ ውሃ ለሁሉም ማዳረስ የቧንቧ ጥያቄ ነው ወይስ የአስተዳደር?»

ሳጥኑ ውስጥ የሚጻፈው ሜጀር «ሲቪል ኢንጂነሪንግ» ወይም «ኢንቫይሮመንታል ኢንጂነሪንግ» ነው። ሰፊ ነው። ጥያቄው ግን ጠባብ ነው፤ የዚያ ሰፈር ልጅ ብቻ ሊጠይቀው የሚችል ነው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ወይስ የአስተዳደር?» የምትለዋም ብልህ ናት፤ ነገ ልጁ ወደ ፐብሊክ ፖሊሲ ቢዞር ማንም አይገረምም።

ሌላ እንጨምር። ስልኩ ላይ ስም ሲፈልግ «ሀይሉ» ብሎ ቢጽፍ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው አልመጣ ያለው ልጅ እንበል። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን አንድ ላይ የሚያይ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ጥያቄው «ማሽን የኛን ፊደል እንዴት ያንብብ?» ነው። ሜጀሩ ኮምፒውተር ሳይንስ ሊሆን ይችላል፣ ሊንጉስቲክስም ሊሆን ይችላል። ኢሊኖይን የመሰለ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የሚሰጥ ዲግሪም አለው።

ወይም የአክስቷን የዕቁብ መዝገብ የምትጽፍ ልጅ። «ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ብሩን ከወሰደ በኋላ መክፈሉን ለምን አያቆምም? የሚያስገድደው ምንድነው?» ብላ ከጠየቀች ኢኮኖሚክስ ውስጥ ገብታለች ማለት ነው። ሶሺዮሎጂም ውስጥ ገብታለች። ሜዳልያ የላትም፣ ኦሎምፒያድ አልሄደችም። ግን ያቺ ጥያቄ የራሷ ናት።

ልብ በሉ፣ ሦስቱም ላብራቶሪ ወይ ውድ ኮርስ አላስፈለጋቸውም። መረጃቸው በእጃቸው ያለ ነገር ነው። ስልክ መጠገን፣ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ ሱቅ ውስጥ የዱቤ ደብተር መያዝ፣ ሁሉም መረጃ ነው። «እንቅስቃሴ» የሚለው ክፍል ላይ የምትዘረዝሩት ነገር፣ አስተማሪያችሁ የሚጽፉላችሁ ደብዳቤ፣ ትራንስክሪፕታችሁና ሜጀራችሁ እርስ በርስ ይተዋወቁ። ፊዚክስ ብሎ የመረጠ ልጅ ሌላው ወረቀቱ ላይ የፊዚክስ ዱካ ከሌለ፣ አንባቢው «ይህ ልጅ ፊዚክስን የት አገኘው?» ማለቱ አይቀርም።

📌 «አልወሰንኩም» ማለት ያስጥላል?

በመጀመሪያው ዓይነት በር አያስጥልም። ኮሌጆቹ ራሳቸው ተማሪው ሞክሮ እንዲመርጥ ብለው የሠሩት ሥርዓት ነው። የሚጎዳው አለመወሰን ሳይሆን ባዶነት ነው።

«ምንም አላውቅም፣ ስገባ አያለሁ» እና «ሁለት ነገር ይጎትተኛል፤ አንዱ ይህ ነው፣ ሌላው ያ ነው፣ የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ እዚህ ጋ ይመስለኛል» አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ልጅ አልወሰነም፤ ግን እያሰበ ነው። ዬል እስከ ሦስት መስክ ጠቁሙ የሚለውም ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ይመቻል።

በሁለተኛው ዓይነት በር ግን ተጠንቀቁ። ልባችሁ ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ካለ፣ በሜጀር የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «አልወሰንኩም» ብሎ መግባት በኋላ ውጭ ሊያስቀር ይችላል።

ኮመን አፕ ላይ «ምን ሥራ መሥራት ትፈልጋለህ?» እና «እስከ ምን ዲግሪ መማር ታስባለህ?» የሚሉ ጥያቄዎችም አሉ። አትጨነቁባቸው። እውነቱን ሙሉ፤ ካላወቃችሁም አላወቅንም በሉ።

📌 «እኔ ዶክተር ነው መሆን የምፈልገው»

ይህ ለብቻው መነገር አለበት፤ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

እኛ አገር ከ12ኛ ክፍል በኋላ ሕክምና መግባት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ እንደዚያ አይደለም። ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው መጀመሪያ የ4 ዓመት ዲግሪ ከጨረሱ በኋላ ነው። ሕግም እንደዚሁ ነው። «ፕሪ ሜድ» የሚባለውም ብዙ ቦታ ሜጀር አይደለም፤ ለሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስፈልጉ ኮርሶችን እየወሰዱ የመዘጋጀት መንገድ ነው። ከ12ኛ ክፍል ተቀብለው እስከ ሕክምና ዲግሪ የሚያደርሱ እንደ ብራውን የ8 ዓመት ፕሮግራም ያሉ አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የውጭ ዜጋ አይቀበሉም ወይም በጣም ጥቂት ነው የሚቀበሉት። ክፍያውም ከባድ ነው። ይህን ቤተሰባችሁም ቢያውቀው ጥሩ ነው። «ልጃችን አሜሪካ ሄዳ ዶክተር ሆና ትመለሳለች» ብለው ዕድሩ ላይ ከማውራታቸው በፊት ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው።

ስለዚህ ሜጀር ላይ «ሜዲሲን» ብላችሁ አትፈልጉ። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኒውሮሳይንስ፣ ፐብሊክ ኸልዝ ይኖራል። ኤሴዩ ላይ ደግሞ «ሰው ማዳን እወዳለሁ» ከማለት፣ ያያችሁትን ጻፉ። አያታችሁ የስኳር መድኃኒታቸውን በፆም ወቅት ለምን እንደሚያቋርጡ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ያ የሕክምና ጥያቄም ነው፣ የባህል ጥያቄም ነው።

📌 ማንም የማይመርጠውን ልምረጥ?

በክፍያ «አማክራለሁ» ከሚሉ ሰዎች ይህ ምክር ይሰማል፦ «ኮምፒውተር ሳይንስ ሞልቷል፤ ፍልስፍና ወይ ጥንታዊ ቋንቋ በል፣ ትገባለህ።»

ሦስት ችግር አለበት። አንደኛ፣ በሜጀር በማይቀበል ኮሌጅ ብዙም ጥቅም የለውም። ሁለተኛ፣ በሜጀር በሚቀበለው ደግሞ ወደምትፈልጉት መመለሻ ላይኖር ይችላል። ሦስተኛ፣ ስለማታውቁት ነገር ኤሴይ መጻፍ ግድ ነው፤ ስለማያውቁት ሲጻፍ ደግሞ ያስታውቃል።

በእውነት የምትወዱት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ግዕዝ ቤት ተምሮ ያደገ፣ ብራና የሚያነብ ልጅ «ጥንታዊ ቋንቋዎች» ብሎ ቢጽፍ ዘዴ አይደለም፤ ሕይወቱ ነው። እንዲያውም ብዙ ልጆች «ፈረንጅ ምን ያደርግለታል?» ብለው የሚደብቁት ነገር ትልቁ ሀብታቸው ይሆናል።

📌 ገብታችሁ ብትቀይሩስ?

በመጀመሪያው ዓይነት በር መቀየር የተለመደ ነው። ግን ከመቀየራችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ።

ገንዘብ፦ በቤተሰብ አቅም ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ ድጋፍ ሜጀር ስለቀየራችሁ ብዙውን ጊዜ አይነካም። አንድ ዲፓርትመንት ለራሱ ተማሪዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ግን ከዲፓርትመንቱ ስትወጡ ሊቀር ይችላል። አንዳንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለኢንጂነሪንግና ለቢዝነስ የበለጠ ያስከፍላሉ።

ቪዛ፦ ኮሌጁ የሚልክላችሁ አይ-20 የሚባለው ቅጽ ላይ የትምህርት መስካችሁ ይጻፋል። ስትቀይሩ ለውጭ ተማሪዎች ቢሮ አሳውቃችሁ ማሳደስ ነው። ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ደግሞ «ምን ልትማር ነው? ለምን እዚያ?» መባላችሁ አይቀርም። ሜጀር ያልመረጣችሁ ብትሆኑም ስለሚስባችሁ ነገር ሁለት ጥርት ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ይኑሯችሁ። ማመልከቻው ላይ የጻፋችሁትን ረስታችሁ ሌላ ነገር አታውሩ።

ከምረቃ በኋላ ደግሞ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በመስኩ ለ12 ወር የመሥራት ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ ተብለው የተመዘገቡ ዲግሪዎች 24 ወር ተጨማሪ ያስጠይቃሉ። ለምሳሌ ኢኮኖሚክስ እንደየኮሌጁ አመዘጋገብ በዚህ ውስጥ ሊገባም ላይገባም ይችላል። የቪዛ ደንብ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር በጊዜው የወጣውን አጣሩ።

📌 ከመላካችሁ በፊት

✅ የኮሌጆቻችሁን ዝርዝር ወረቀት ላይ ጻፉና ከእያንዳንዱ ጎን 1፣ 2 ወይም 3 ብላችሁ የበሩን ዓይነት አስቀምጡ።

✅ ካልተረዳችሁ ለአድሚሽን ኦፊሱ ኢሜይል ላኩ። ነጻ ነው፤ መጠየቃችሁም አይጎዳችሁም። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የምትቀበሉት በሜጀር ነው ወይ? ከገባሁ በኋላ ወደዚህ ሜጀር መቀየር ይቻላል ወይ? የገንዘብ ድጋፉ ከሜጀሩ ጋር የተያያዘ ነው ወይ?

✅ ኤሴዩን ስታነቡት ስማችሁን አጥፉና «ይህን ሌላ ልጅ ሊጽፈው ይችላል?» በሉ። አዎ ከሆነ መልሳችሁ ሰፍቷል፤ ጥያቄያችሁን አጥብቡት።

✅ ከዚያ ደግሞ «ይህን ለእናቴ በአማርኛ ላስረዳት እችላለሁ?» በሉ። ካልቻላችሁ ያላኘካችሁትን ነው የጻፋችሁት።

✅ ቀናችሁን ያዙ። ኮመን አፕ በየዓመቱ ለአዲሱ ዙር የሚከፈተው ሐምሌ 25 አካባቢ ነው። የቀደመው ዙር ብዙ ቦታ በጥቅምት 22 አካባቢ፣ መደበኛው ደግሞ በታህሳስ 23 አካባቢ ይዘጋል። የየኮሌጁን ትክክለኛ ቀን ከራሱ ድረ ገጽ እዩ።

✅ «በገንዘብ አስገባሃለሁ» የሚል ሰው ካገኛችሁ ራቁ። ኤጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የምክር አገልግሎት በነጻ ነው።

በቃ ይኸው ነው። በ17 እና በ18 ዓመት ዕድሜ የሕይወትን ሥራ ማወቅ ግዴታ አይደለም። አንድ እንቅልፍ የነሳችሁ ጥያቄ ማወቅ ግን ትችላላችሁ፤ ሳጥኗም የምትፈልገው እሱን ነው።

እስኪ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፦ ሜጀሩን ተዉትና፣ የእናንተ ጥያቄ ምንድነው? ዘንድሮ ለሚያመለክት ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት። መልካም ዕድል!